ከማተቧ ጎን የተንጠለጠለው ሳጥን

ሳጥኑን ለታናሽ እህቴ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለላት ሰውዬ አንድም ጊዜ ፊቷን አላያትም። ጆሮዋን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ አባቴንና እኔን አየ። እሷን አላየም። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ዓይኑን አይቶ ነው የሚገዛው። ሰውዬውን ያን ጊዜውኑ ጠረጠርኩት።

ቡሬ ነበርን። ጆሮ የሚመረምሩ ሰዎች መጥተዋል፣ መሣሪያም በነፃ ያድላሉ የሚል ወሬ እኛ ቀበሌ ድረስ ደርሶ አባቴ ሥራውን ፈታ፣ እኔን ከትምህርት አስቀረና ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን። እህቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገና በወጉ አፏን ሳትፈታ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ተረፈ፤ መስማቷ ግን ሳይመለስ ቀረ። መንደሩ "ደንቆሮዋ" ይላታል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ደግነትም ኖሯቸው አይደለም።

ሳጥኑ የክብሪት ቀፎ ሁለቱን ቢያጋጥሙት ያክላል። ደረት ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሱ የወጣ ቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ ይሰካል፣ ሆዱ ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ሰውዬው ሰክቶላት ሲያበቃ ለአባቴ እንዲህ አለው፦

"ከዛሬ ጀምሮ በእጅ ማውራት የለም። እጅ ካስለመዳችኋት ምላሷ ይሰንፋል። በአፍ ብቻ አነጋግሯት።"

"ትናገራለች?" አለ አባቴ። ድምፁ ያንን ያህል ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም።

"ትናገራለች። ብቻ እናንተ በርቱ።"

"ብቻ እናንተ በርቱ" የሚል ሰው ነገ ነገሩ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ዛሬውኑ እያደላደለ ነው። "ባትናገርስ?" አልኩት። "ተማሪ ነሽ?" አለኝ። "ነኝ።" "እንግዲያው ይገባሻል" ብሎ የሚቀጥለውን ተራ ጠራ። ምንም አልገባኝም። ያልገባኝም መልስ ስላልነበረው ነው።

ስንመለስ አባቴ መኪናው ውስጥ ፍርዱን ሰጠ። እኔ ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ፤ ከገጠር እንደመጣ ተማሪ ሁሉ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ወደ ቤት ወጥቼ፣ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ከመስከረም ጀምሮ እህቴም አብራኝ ናት። እዚያ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተች አንዲት ክፍል አለች፤ በምልክት ቋንቋ ነው የሚማሩት። አባቴ አሁን እንዲህ አለ፦ "እስከ ፋሲካ በአፏ 'አባየ' ካላለችኝ፣ ያበላሻት ያ የእጅ ትምህርት ነው። ከከተማ አወጣታለሁ።"

"ካለችስ?" አልኩ።

"ካለችማ እጁ ምን ያደርግላታል?"

ልብ በሉ። ብትናገርም ክፍሏ ይቀራል፣ ባትናገርም ክፍሏ ይቀራል። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የሚያልፉትን ዛፎች እያየች ሽቦውን በጣቷ ታሻሽ ነበር። ምን እንደተወሰነባት የነገራት የለም። እንዳልነግራት ደግሞ እጄን አባቴ ያያል።

ክፍሏ ምን እንዳደረገችላት ልናገር። ቤት ሳለች እጅ አልነበራትም አይደለም፤ ነበራት። ሰውን ሁሉ በአመሉ ትጠራዋለች። አባቴ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እጆቹን ከላይ ስለሚያንጠለጥል፣ እሷም ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ ታንጠለጥላለች፤ አባቴ ማለት ነው። እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፤ እህቴ ጣቷን አንገቷ ላይ ትስባለች። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል መዳፏ ላይ ሁለት ጣት ታስሮጣለች። ጎረቤታችን የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ ነው፤ አምስት አምስት ቤት እያሰሩ ስብሰባ ለሚያስኬዱት፣ ማን መጣ ማን ቀረ ለሚሉት ያን ጊዜ የወጣ ስም ነው። ሲያወራ ጆሮውን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል። እህቴ ትንሿን ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ አዙራ አንገቷን ስትቀልስ ሰው በሳቅ ይሞታል፤ እሱ ራሱ ካለ ብቻ ነው የማይሳቀው።

ግን ያ ሁሉ መጥራት ነው፣ ማሳየት ነው። መጠየቅ አልነበረውም። ክፍሏ በገባች በጥቂት ሳምንት "ለምን" የሚለውን ምልክት ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ያከራየችን ሴትዮ ለምን ብቻዋን ትበላለች? አባየ ለምን ወደ እኔ ሲያይ ይተክዛል? ማታ ማታ ለምን ታለቅሻለሽ? የመጨረሻውን ታውቃለች ብዬ አልገመትኩም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትጠይቀው የላትም ብለን ስንኖር፣ የምትጠይቅበት ነበር ያጣችው።

ቢሆንም መምህሩንም ጠርጥሬዋለሁ። ወጣት ነው፣ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ቀን እህቴን ልወስድ ስሄድ በቀጥታ ጠየቅሁት።

"መምህር፣ ልጆች ካነሱብዎ ክፍሉ ይዘጋል አይደል?"

"ይዘጋል" አለ።

"እርስዎስ?"

"እኔም ወደ መደበኛው ክፍል እመለሳለሁ።" ሳቀ። "እህትሽን የምፈልጋት ለራሴ ነው ወይ ማለትሽ ነው?"

"አዎ።"

"ትንሽ ለራሴም ነው።"

ቢዋሸኝ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ስለ ሳጥኑ ስነግረው ተናዶ ይጥለዋል ብዬ ስጠብቅ ደረቷ ላይ አስተካከለላት። "አታውልቂባት" አለ። "እጇንም አትያዥባት። ሁለቱንም ስጧት፣ የቱ ለምን እንደሚበጃት እሷ ታሳያችኋለች።"

"አባቴ እሺ አይልም።"

"አባትሽ እሷን ጠይቀዋታል?"

ጥያቄው ሞኝ መሰለኝ። እኛ ቤት ልጅ ማን ይጠይቃል? የምትሰማዋን እኔን እንኳ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። በር ላይ እናቴ መጀመሪያ የምታየው የእህቴን አንገት ነው። ማተቧን በጣቷ ስባ ታወጣና መኖሩን አይታ ትመልሰዋለች። ያ የእጅ ትምህርት ሃይማኖት ማስቀየሪያ ነው ብሎ አንድ ሰው ጆሮዋ ውስጥ ከቷል። "እማየ፣ አቡነ ዘበሰማያትን በእጇ ተምራለች እኮ" ብላትም "የማን አቡነ ዘበሰማያት?" ትለኛለች። ቀጥሎ አባቴ እህቴን መደብ ላይ ያስቀምጥና ጋቢውን ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ይጠቀልልባታል፤ እጇ ከውስጥ ይቀራል። አስሮ አይደለም። ማሰር መስሎ እንዳይታይ ነው ጋቢ የሆነው። ከዚያ ሳጥኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ "አባየ በይ። አ-ባ-የ" ይላታል። እሷ የከንፈሩን መነቃነቅ ታያለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ግን ጥጃ የሚጣራ የሚመስል ድምፅ ነው። ጋቢው ሥር ግን እጇ ሲሠራ አያለሁ። ጨርቁ ይንቀሳቀሳል። ምን እያለች እንደሆነ እኔም አልለየውም።

አንድ ቅዳሜ ግን አባቴ ከበስተጀርባዋ ቆሞ ድንገት "ልጄ!" ሲል ዞር አለች። እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። አባቴ ተደፍቶ መሬት ሳመ። ጎረቤት መጣ። እኔ ብቻ ደስታው አልደርስልሽ አለኝ፤ እናቴን አይቼ ነበራ። እናቴ ከእህቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ፣ ትንፋሿን ያዘች። እህቴ ደግሞ የምትኖረው በሰው ፊት ነው። እናቴ የምታየውን ልታይ ዞረች እንጂ የሰማችው ነገር የለም።

በማግሥቱ ጓሮ ወሰድኳትና ከኋላዋ ቆሜ ጠራኋት። ዝም። ጮህኩ። ዝም። አንድ አሮጌ ቆርቆሮ አንስቼ በድንጋይ መታሁት፤ ትከሻዋ ብድግ አለ። እንግዲህ ሳጥኑ ውሸታም አይደለም። እነሱ የሚሉትን ያህል እውነተኛም አይደለም። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት።

"አንች ለደግ ነገር ዓይን የለሽም" አለኝ።

"ይሞክሩት እንጂ አባየ። እማየን ውጭ ያስቀምጧትና እሷን ከኋላ ይጥሯት።"

አልሞከረም። የፈራው መልሱን ነው።

በጾሙ አጋማሽ የጽዋ ማኅበሩ ተራ እኛ ላይ ወደቀ። በሌላ ጊዜ እህቴ የጽዋው ጌጥ ናት፤ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ መሐል ገብታ እያንዳንዱን ሰው ለራሱ ታሳየዋለች፣ ሽማግሌ እንኳ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። የዚያን ዕለት ሳጥኗን አንጠልጥላ ስትገባ ግን ወሬው እንደ ተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ስለ ማዳበሪያ ነበር የሚያወሩት፤ ያላመኑበትን ማዳበሪያ በግድ ውሰዱ እየተባሉ ነበር። ወዲያው ስለ ዝናብ ሆነ። ዝናቡ ደግሞ ገና ነው።

"ሬዲዮዋ በርቷል?" አለ አንዱ በሹክሹክታ።

"በርቶ ከሆነ ለአስተዳዳሪው ሰላም በልልን" አለ ሌላው፤ ሳቁ ግን የደረቀ ነው።

"ምን ሬዲዮ አመጣችሁ፣ ማዳመጫ ነው" አልኩ።

"እኮ፣ ማን ነው የሚያዳምጥ?"

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሊያበርዱ ብለው "እስኪ ለእኔ" አሉ። ሽቦውን ጆሯቸው ውስጥ ሰካሁላቸው። ቆሎ ይዘው ነበርና አንዲት ፍሬ ወደ አፋቸው ጣል አድርገው ቆረጠሙ። ዓይናቸው ፈጠጠ። "ኸረ በስመ አብ! ጥርሴን ሰማሁት እኮ! እዚያ ጥግ የሚያንሾካሹከውንም ሰማሁት!"

ለመልካም አስበው ነው። ቤቱን ግን ገደሉት። ጥግ ላይ የነበሩት ሰዎች ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሚጠጣ እንጂ የሚናገር አልነበረም። እህቴ መሐል ቆማ እዚያ ያልነበረውን ጠርናፊ ልታሳይ ትንሿን ጣቷን አነሣች፤ ማንም አልሳቀም። ዙሪያውን አየችና ጣቷን አወረደች። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ለምን?" አለችኝ። አባቴ እያየ ነበር። በዓይኔ "በኋላ" አልኳት። አልገባትም፤ ዓይኔ ያንን ያህል ቃል የለውም።

እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን ስንወርድ ጠርናፊው መንገድ ላይ ጠበቀን። ክብሪት እንጨቱ ጆሮው ውስጥ ነው።

"እንደምን አደርሽ ተማሪ? ይኸ የልጅቱ ዕቃ… ድንጋዩን ማን ነው የሚቀይርላት?"

"እኔ ነኝ አያ።"

"ፍኖተ ሰላም ወስደሽ?"

"አዎ፣ እዚያ ነው የሚገኘው።"

"እኮ… ድንጋዩ ሲወጣ፣ ውስጡ ያለው ወሬም አብሮ ይወጣል?"

አየሁት። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ይህን ያህል ጠልቆ የተጨነቀ አልነበረም። ሌላው ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አምልጦት እንዳይሆን ነው። እሱ የሚፈራው ግን የራሱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ጆሮ መጥቶበት ነው። በእያንዳንዱ ስብሰባ ማን ምን እንዳለ ለቀበሌ ቀድሞ ማን እንደሚያደርስ ሁላችንም ስንገምት ኖረናል። እኔ መገመቴን ያን ጊዜ አቆምኩ።

"አያ፣ እርስዎ የሚሰሙት ወሬ በምን በኩል ነው የሚወጣው?" አልኩት።

ክብሪቱን ከጆሮው አውጥቶ አየው። "አንችን ትምህርት አባለገሽ" ብሎ መንገዱን ለቀቀልን።

ሳምንቱ ሳያልፍ፣ እኛ ወደ ቤት በወጣንበት ቅዳሜ፣ የማኅበሩ ሙሴ አባቴ ዘንድ መጣ፤ ሙሴ የምንለው የጽዋውን አለቃ ነው። ነገሩን ጠቅልሎ ጠቅልሎ፣ ስለ ከብቱ ጠይቆ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቆ፣ በመጨረሻ "ልጅቱን እንወዳታለን። ዕቃዋ ግን ማኅበሩን በተነው። ወይ ዕቃው ይቅር፣ ወይ እናንተ ለጊዜው ዕረፉ" አለ። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የዚያ ጽዋ አባል ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። እንግዳውን ሸኝቶ ሲመለስ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመ።

ፋሲካ ደረሰ፣ ፋሲካ አለፈ። በትንሣኤ ሌሊት እናቴ የሰውን ዓይን ፈርታ እህቴን ከቤት አስቀርታት ነበር። "አባየ" አልመጣም። እናቴ ዶሮውን ስታወጣ አባቴ ሳያየኝ "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልብሷን ሰብስበሽ አምጭ" አለኝ። እህቴ ከንፈሩን አይታ ይሁን ፊቴን አይታ አላውቅም፣ እንጀራዋን አስቀመጠች። እኔም በልቼ ያደርኩ አይመስለኝም።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እናቴ ሳጥኑን ሰው እንዳያይባት ነጠላዋን በላዩ አልብሳታለች። ከቅዳሴ በኋላ መዘምራኑ ግቢው ውስጥ ወረብ ጀመሩ። እኔና እህቴ ጀርባችንን ሰጥተን ከሴቶቹ ጋር ጽዱ ሥር ተቀምጠናል። የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ እህቴ ከተቀመጠችበት ተፈናጠረች።

ማንም ፊት ለፊቷ አልነበረም። እኔም አላየኋትም ነበር። ዞረች፣ ከበሮውን አየች፣ ነጠላዋን ገልጣ ሳጥኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ በሰዎቹ መሐል እየተሽሎከለከች ከበሮው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ከበሮው ሲመታ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሲያቆም ትከፍታለች። ሲመታ ትጨፍናለች። ሰው ሁሉ ያያታል። ጠርናፊው ከዚያ ጎን ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ገብቶኝ ተናደድኩ። ሳጥኑ የተሰጣት ጾሙ ሲገባ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል የለም፣ ሠርግ የለም፣ ዘፈን የለም። አገሩ ሁሉ ድምፁን ባጠፋበት ወራት ነው "ሰማች፣ አልሰማች" እያልን ስንፈትናት የከረምነው። አንድም ሰው ይህን አላሰበም። እኔ ሁሉን የምጠረጥረው እንኳ ጾሙን አልጠረጠርኩም።

አባቴ ከወንዶቹ በኩል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ተለዋውጧል።

"ሰማች" አለ።

"ከበሮውን ሰማች አባየ። ሳጥኑ ከበሮ ይሰጣታል። ቃል አይሰጣትም። ቃሏ እጇ ላይ ነው።"

"አንች መቼ ነገር አምነሽ ታውቂያለሽ?"

"አላምንም። ያየሁትን ነው የምነግርዎ። እኔንም ካላመኑ እሷን ይጠይቋት።"

"እንዴት አድርጌ?" አለ። ቁጣ አልነበረበትም። እውነተኛ ጥያቄ ነበር። እንደማያውቅ ሲናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

እህቴ ወረቡ ሲያበቃ ላብ በላብ ሆና መጣች። አባቴ ጎንበስ አለ። ዱላውን ለኔ ሰጠኝና በሰው ፊት፣ ማኅበርተኞቹ እያዩት፣ ሁለት እጁን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ፤ እኔ አባትሽ፣ ማለቱ ነው። ወደ ሳጥኑ ጠቆመ። ወደ እጇ ጠቆመ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ቆየ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበር።

እሷ አላስቸገረችውም። ሳጥኑን ነካች፣ ከበሮውን አሳየች፣ ደረቷን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ሽቦውን ከጆሮዋ ነቀለች፣ ሳጥኑን አንገቷ ላይ እንዳለ በመዳፏ ሸፈነችው፤ ወደ ሰዎቹ አመለከተች፣ ወደ እናቴ፣ ወደ እኔ፣ ወደ እሱ። ለእያንዳንዳችን እጇን አነሣች። ለኔ ሁለት ጣቷን መዳፏ ላይ አስሮጠች፣ ከዚያ በትምህርት ቤቷ ምልክት ጨመረችበት። አባቴ ወደኔ አየ።

"'ከእሷ ጋር እሄዳለሁ' ነው የምትለው" አልኩት።

"አንች ጨምረሽበት እንዳይሆን?"

"ትንሽም አልጨመርኩም።" ጥርጣሬውን ከማን እንደወረስኩት ያን ዕለት አወቅሁ።

ዱላውን ተቀበለኝ። ቤት ስንደርስ ጋቢውን ራሱ ለበሰ። "ስንቃቸውን ለሁለት አድርጊ" አላት እናቴን። እናቴም የእህቴን ማተብ ዳስሳ፣ "ብቻ ይኸ እንዳይጠፋ" አለች።

በማግሥቱ መንገድ ላይ ጠርናፊው አገኘን። ሳጥኑን እህቴ ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓልና ለነጎድጓድ ነው የምትፈልገው፤ ያን ቀን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከስንቁ ከረጢት ታች፣ ከበሶው ሥር ነበር። ሰውዬው ግን ይህን አያውቅም። ከሩቅ ሲያየን ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና ፊቱን ወደ እህቴ ደረት አዙሮ፣ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"እንደምን አደራችሁ! ቀበሌያችን በልማት ላይ ነው! ማዳበሪያውንም ሁሉም በፈቃዱ ነው የወሰደው!" አለ።

ደረቷ ላይ ከማተቧ በቀር ምንም አልነበረም። እህቴ አንገቷን ቀለስ አድርጋ በአክብሮት ሰላም አለችው። አልፈነው ጥቂት እንደሄድን ስንቄን በአንድ እጄ ያዝኩና ዞሬ አየኋት፤ ትንሿ ጣቷ ጆሮዋ ውስጥ ነበረች።